ከደቡብ ምሥራቅ የመጣው እርጥበት፦ የአቶ ሣህሌ ቢሰጥ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሣህሌ ቢሰጥ ከአባታቸው ከአቶ ቢሰጥ ይመርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ውባንች አሊ ሚያዝያ 9 ቀን 1927 ዓ.ም. በወሎ ክፍለ ሀገር ደላንታ ተወለዱ። አገሩ በበልግ ዝናብ የሚያድር ነው፤ በልግ ከቀረ ቤት ይዘጋል። ፊደል የቆጠሩት ከአጥቢያቸው ቄስ ዘንድ ሲሆን ደሴ ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል።

በ1948 ዓ.ም. ወደ አዋሽ ሰባት ኪሎ መጥተው በባቡር ጣቢያው ዕቃ መዛኝ ሆነው ተቀጠሩ። በ1955 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሸጊቱ አየለ ጋር ጋብቻ ፈጸሙ፤ ልጅ አልወለዱም። በ1961 ዓ.ም. የአየር ጠባይ ምልከታ ሥልጠና ወስደው መልካ ወረር ተመደቡ። ከዚያ ጀምሮ ሃያ ዓመት ያህል የነፋሱን አቅጣጫ፣ ሙቀቱንና እርጥበቱን በየሰዓቱ እያነበቡ መዝግበዋል። በሥራቸው ቀልድ አያውቁም ነበር፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጠው እንኳ የንባብ ሰዓት ሲደርስ ተነሥተው ይሄዳሉ።

ባሕር በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ሆኖም የአሰብ ሾፌሮች መልካ ወረር ሲያርፉ ስለ ባሕር የሚጠይቁት እሳቸውን ነበር። የደላንታ በልግ በአብዛኛው ከሕንድ ውቅያኖስ በሚነሣ ነፋስ እንደሚመጣ፣ የዚያ ውሃ ከልማዱ ውጭ ሲሞቅ ወይም ሲቀዘቅዝ ነፋሱ መንገዱን እንደሚቀይር፣ ያን ጊዜ ከዓረብ አገር የሚመጣው ደረቅ ነፋስ ቦታውን ይዞ እንደሚቆይ በትዕግሥት ያስረዷቸው ነበር።

በጥር 1976 ዓ.ም. ታናሽ ወንድማቸው አቶ በለጠ ከደላንታ ደብዳቤ ላኩላቸው። “ወንድም ጋሼ፣ ዝናቡ ጠፋ። በሬዎቹን ሽጬ ልጆቹን ይዤ ልውረድ ወይስ ልዝራ?” የሚል ነበር። በየካቲት ነፋሱ ዞሮ ከደቡብ ምሥራቅ ይነፍስ ጀመር፤ ስምንት ቀን ተከታትሎ እርጥበቱ ጨመረ። አቶ ሣህሌ “የባሕሩ እርጥበት እዚህ ደርሷል። እንዳትወርድ፣ ዝራ” ብለው ጻፉ። አቶ በለጠም የቀራቸውን እህል ሁሉ ዘሩት።

ከመለኪያው ጣቢያ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ከዛፎች ጀርባ፣ ጨው ያወጣ የጥጥ ማሳ ነበር። ጨዉን ለማጠብ ያን ሰሞን ከአዋሽ ወንዝ ውሃ ተለቆበት ነበር። አቶ ሣህሌ ይህን አልጠየቁም። ነፋሱ በእርግጥ ዞሯል፤ እርጥበቱ ግን የማሳው እንጂ የባሕር አልነበረም። በመጋቢት ውሃው ሲቆረጥ እርጥበቱም በሁለት ቀን ጠፋ፤ ያን ጊዜ ገባቸው። “ቶሎ ውረድ” የሚል ሁለተኛ ደብዳቤ ላኩ። በሬዎቹ ግን ከስተው ገዢ አጥተው ነበር።

አቶ በለጠ፣ ባለቤታቸውና ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ጥር 1977 ዓ.ም. ሳያልቅ ሞቱ። ከቤቱ የቀረሁት እኔ ልጃቸው ንጋትወርቅ ነኝ፤ ያን ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። አቶ ሣህሌ በእህል መኪና ከመጠለያ አስመጥተው አሳደጉኝ፣ አስተማሩኝ። አንድ ቀን እንኳ አልተቆጡኝም፤ ለምን እንደማይቆጡኝ አላውቅም ነበር። ሾፌሮቹ ስለ ዝናብ ሲጠይቋቸው “እኔ የምጽፈው የሆነውን ነው፤ የሚሆነውን አላውቅም” ይሏቸው ጀመር።

በ1980 ዓ.ም. የጉበት ሕመም ጀመራቸው። ጥቅምት 22 ቀን 1981 ዓ.ም. የዚያን የካቲት መዝገብ አልጋቸው ላይ ዘርግተው ሁሉን ነገሩኝ። “ሳልጠይቅ ጻፍኩ። ይቅር በይኝ ልጄ” አሉኝ። ተነሥቼ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን ሾርባ አቀረብኩላቸው፣ ልብሳቸውን አጠብኩ፣ መልስ ግን አልሰጠኋቸውም። በየቀኑ ዓይን ዓይኔን ያዩኝ ነበር።

ኅዳር 3 ቀን 1981 ዓ.ም. በተወለዱ በ53 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሸጊቱና እኔ ቀርተናል። ታሪካቸውን እንድጽፍ የተነገረኝ ፊደል ስለማውቅ ነው። መልሱን ዛሬም ፈልጌ አጣሁት፤ ላጽናናችሁ ብዬም አልዋሽም። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከወንድማቸው ከአቶ በለጠ አጠገብ ያሳርፍልን፤ አባቴ ቦታ ከለቀቁላቸው።