ከነክፍሌ ለጠየቅኸኝ

ውድ ክንዴ፣

«ውድ» ያልኩህ እጄ ስለለመደ ነው፤ አትኩራበት። ሽማግሎችህ እሑድ ከዳንግላ ተነስተው አዘና ከተማ ወዳለው አባቴ ቤት ሊመጡ እንደሆነ ሰማሁ። እናቴማ ከወዲሁ ጌሾ ማስወቀጥ ጀምራለች። መልሴን ግን አንተ ቀድመህ ስማው።

የእህትህ ልጅ ውቤ የጣውላ ፋብሪካችንን በር እንኳ ሳይረግጥ «የታኅሣሥ ፔሮል ላይ አስገቢልኝ» ስትለኝ ቀልድ መስሎኝ ስቄ ነበር። የሰው ኃይል ኃላፊ ነህ፣ የቅጥር ደብዳቤውን አንተው ትጽፍለታለህ፤ አንድ የቀረሁህ፣ ደመወዝ ክፍሉን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ላልሠራ ሰው ደመወዝ አይሠራም፣ እኔ ብሠራው እንኳ የፋይናንስ ኃላፊው ጋሽ እንየው ያስቆሙታል አልኩህ። አኮረፍክ። በዚያ በእንጅባራ ብርድ ባጃጅ ስጠብቅ ጥለኸኝ ሄድክ።

ብዙም ሳይቆይ የመዋቅር ስብሰባው መጣ። ደመወዝ ክፍል ከፋይናንስ ወጥቶ ተጠሪነቱ ለሰው ኃይል ይሁን ብለህ ተነሳህ። «ዘመናዊ አሠራር» አልክ፣ «ቅልጥፍና» አልክ፣ ባሕር ዳር የወሰድካትን ሥልጠና እንደ ዳዊት ደገምካት። ሥራ አስኪያጁ ለሠራተኛው ምን ይጠቅማል ቢሉህ ወደ እኔ ጠቆምክ።

«እህተማርያም የኔው ናት። እሷ ስትመጣ ክፍሉም አብሮ ይመጣል።»

ሰው ሳቀ፤ አንተም ሳቅህ። ጋሽ እንየው ብቻ መነጽራቸውን አውልቀው «ለመሆኑ የጠየቅኸው ልጅቷን ነው ክፍሉን?» አሉህ። እሱንም እንደ ጨዋታ ወሰድከው። እፍረት የሚባል አልፈጠረብህም።

እኔ ትዳር ሳስብ፣ አንተ ለካ ላም ከነጥጃዋ እንደሚነዳ ከነክፍሌ ልትነዳኝ ኖሯል! ቀጣሪውም ከፋዩም አንድ ሰው ከሆነ፣ ያልሠራ ሰው ደመወዝ ሲበላ ማን ያያል? ይኼን ለማወቅ ባሕር ዳር መሄድ አያስፈልግም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያልክ ስትስቅ፣ እኔ ሞኟ ተረት የምትወድ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቼ የውቤን ነገር ሳይቀር ነገርኳቸው። ክፍሉ እዚያው ፋይናንስ ሥር ይቆያል። አንተ ላይ ምን እንደሚወሰን አልጠየቅሁም፤ ብጠይቅም እንቅልፍ አይነሳኝም።

«ለትዳራችን ብዬ ነው» የሚለው መልእክትህ ደርሶኛል። አይ ክንዴ! ገና ጎጆ ሳንወጣ ሌብነቱን በእኔ ስም ልታደርገው ነው? የናቅሁህ ሌባ ስለሆንክ አይደለም፤ ሌብነቱን እንኳ በራስህ እጅ ለመሥራት ወኔ አጥተህ የእኔን እጅ ስለፈለግህ ነው።

አላገባህም። እሑድ ሳይደርስ ለምን እንደቀረ ለሽማግሎችህ ራስህ ንገራቸው። ዝም ካልክ ይምጡ፤ አባቴ ቤት በክብር ይቀመጣሉ፣ እኔም ከጓዳ ወጥቼ አንድ ሳላስቀር እነግራቸዋለሁ። አባትህም አብረዋቸው እንደሚመጡ አትርሳ።

እህተማርያም