ጀርባዬን ለገደሉ ሰጥቼ

ጥቅምት 4

ደህና ቀን ነበር። አንድ አውቶብስ እንግዳ። ጠዋት ፏፏቴው፣ ከዚያ የድሮው ድልድይ፣ ከምሳ በኋላ ገደሉ። እንደ ሁልጊዜው መመልከቻው ጫፍ ደርሼ ዞር አልኩ፤ ጀርባዬን ለብረት አጥሩ ሰጥቼ "ከኋላዬ የምታዩት…" ብዬ ጀመርኩ። ፎቶ አነሱ፣ ሳቁ። የሚስቁበትን ቦታ እኔም አፌም እናውቀዋለን።

አንዲት አሮጊት ግን አልሳቁም። ነጭ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ከዘራ የያዙ። ስጨርስ ጠጋ ብለው "አንቺ ራስሽ ግን ምኑን ትወጂዋለሽ?" አሉኝ።

ምኑን? "ሁሉንም" ልል አፌን ከፈትኩ። ቆይ፣ እስቲ አይቼ ልንገራቸው ብዬ ዞርኩ።

ዞርኩ… መሬቱ ከእግሬ ሥር የሄደ መሰለኝ። ብረቱን ጨብጬ ቀረሁ። ይህን ሁሉ ዘመን እዚያ ስቆም ለካ ገደሉን አይቼው አላውቅም። አስጎብኚ እንዲህ ነው፤ እንግዳው ገደሉን ያያል፣ እሱ የእንግዳውን ፊት።

"ፀሐይ መትቶኝ ነው" አልኳቸው። እንዳላመኑኝ ገባኝ። ክንዴን ይዘው እስከ አውቶብሱ የመለሱኝ እሳቸው ናቸው፣ በዚያ በከዘራቸው። ማን ነው ማንን የሚያስጎበኘው?

ጥቅምት 5

ድካም ነው። ነገ ይለቀኛል።

ጥቅምት 8

አለቀቀኝም። ዛሬ አፋፉ ድረስ አልሄድኩም። "እናንተ ቅደሙ፣ እኔ የቀረ ሰው እንዳለ ልይ" ብዬ ከኋላ ቀረሁ። መኪና ማቆሚያው ጋ ቆሜ እየጮህኩ ነው ያስረዳሁት። "ድምፅሽ ከሩቅ ነው የሚያምረው" አለኝ አንዱ። ሲያሾፍብኝ ይሁን ሲያመሰግነኝ እንጃ።

ሾፌራችን ጋሼ በመስታወታቸው ሲያዩኝ ነበር። እሳቸው ዝም ሲሉ ነው የምፈራው።

ጥቅምት 11

አለቃ ቢሮው ጠራኝ። አንድ ቀን ነው ሥራ የጀመርነው፤ እሱ ወንበር ላይ ወጣ፣ እኔ አፋፍ ላይ ቀረሁ። ክፉ ሰው አይደለም።

"እንግዶች፣ አስጎብኚያችን ከሩቅ ነው የምትጮኸው ይላሉ። ምን ሆነሽ ነው?"

"ጉልበቴን አሞኛል።"

"የትኛውን?"

"ግራውን።"

ስወጣ በቀኙ አነከስኩ። ደረጃው ላይ ትዝ ሲለኝ ወደ ግራው ቀየርኩ። አይቶኝ ይሆን?

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ትል ነበር እናቴ። የእኔ ግን እያደር ከበደኝ። ደግሞ ከነገ ወዲያ ምን ልበል? ጭጋግ አለ? ንብ አለ?

ጥቅምት 15

የጀልባው በዓል ደርሷል። በወንዙ ግራና ቀኝ ያሉ መንደሮች ጀልባቸውን ቀለም ቀብተው፣ ባንዲራ ሰቅለው፣ ከበሮ እየመቱ በገደሉ ሥር ይወርዳሉ። እውነቱን ለመናገር ማየት የሚገባ ነገር ነው። ማስታወቂያችን ላይ "ያላየ ይቆጨዋል" ብዬ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። እጄን በሰበረው።

ዋናው ቦታ የመመልከቻው ጥግ ነው። ወንዙ እዚያ ጋ ስለሚታጠፍ ጀልባዎቹ ሲመጡም ሲሄዱም ይታያሉ። የበዓሉ ቀን ሰው ሁሉ አጥሩ ላይ ደረቱን አስደግፎ ነው የሚውለው።

ልጄ ዘንድሮ ልምጣ ብላለች። እናቷን ሥራ ላይ አይታ አታውቅም። "ጥጉን ለእኔ ያዥልኝ፣ እማ" ብላኝ እሺ ያልኳት ይሄ ነገር ሳይጀምረኝ ነው። አሁን ምን ልበላት? እናትሽ ፈሪ ናት ልበላት?

ጥቅምት 18

የእረፍት ቀኔ ነው። ብቻዬን ልለማመድ ብዬ ወጣሁ። ጋሼ ጎማ ሊያስጠግኑ ሲሄዱ መንገዴ ነው ብለው መመልከቻው ጋ አደረሱኝ። መንገዳቸው አልነበረም።

ቆሜ መሄድ አቃተኝ። ቁጭ ብዬ በመቀመጫዬ እየተንፏቀቅኩ… ሰው ቢያየኝ የት እገባ ነበር? እንደምንም ጥጉ ደረስኩ። ቋሚውን ብረት ከሥሩ በሁለት እጄ አቀፍኩት። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ብረቱ ተነቃነቀ።

ትንሽ ነው። ለቀቅኩት፣ መልሼ ያዝኩት። ተነቃነቀ። ግን እጄም ይንቀጠቀጣል። ብረቱ ነው እጄን የሚያነቃንቀው ወይስ እጄ ነው ብረቱን? ቆሞ ከላይ ለሚይዘው ላይሰማው ይችላል፤ የጎን ብረቶቹ ደግፈው ይይዙታል። ከሥሩ ግን… ማን ከሥሩ ይይዘዋል? እንደኔ ያለ ፈሪ ካልሆነ።

የዘንድሮ ዝናብ ደግሞ አፈሩን ሲበላ ነው የከረመው።

ጥቅምት 19

ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ስይዝ ዋልኩ። የጠረጴዛ እግር፣ የአልጋ እግር፣ የመስኮት ብረት። አንዱም አይነቃነቅም። ልጄ "ምን እየፈለግሽ ነው?" አለችኝ። "አቧራ" አልኳት። በዕድሜዬ አቧራ ፈልጌ አላውቅም፣ እሷም ታውቃለች።

እንግዲያው ብረቱ ነው ማለት ነው። ግን የአልጋ እግር ስይዝ እጄ መች ይንቀጠቀጣል? ምንም አላረጋገጥኩም።

ጥቅምት 21

ለአለቃ ነገርኩት። ደግነቱ አልናቀኝም፣ ራሱ መጣ። ቋሚውን በጫማው መታ መታ አደረገው። የላይኛውን ብረት በሁለት እጁ ይዞ ወዘወዘ። "ድንጋይ ነው" አለ።

"ጎንበስ ብለህ ከሥሩ ያዘው።"

አልጎነበሰም። ወደ እኔ ዞረ። እኔ ከእሱ ራቅ ብዬ ዛፉን ይዤ ነበር የቆምኩት።

"ጉልበቴን አልሽ። እሺ አልኩ። ከዚያ ጭጋግ አለ አልሽ፣ ከዚያ ንብ መጣ አልሽ። አሁን ደግሞ ብረቱ። እህቴ፣ ፈርተሻል አይደል? ፈራሁ በይኝና ቲኬት መስኮት ላይ ላስቀምጥሽ።"

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አዝኖልኝ ነው የተናገረው።

ጉልበቱ ውሸት ነበር። ጭጋጉም ውሸት፣ ንቡም ውሸት። ይሄኛውስ? ለራሴስ እርግጠኛ ነኝ?

"ፈርቻለሁ" አልኩት። "ብረቱም ይነቃነቃል።"

የሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ከበዓሉ በኋላ ግንበኛ እጠራለሁ ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ።

ጥቅምት 23

ነገ ነው። ምግብ አልወርድ ብሎኛል።

ልጄን "ነገ ቅሪ" አልኳት። ለምን አለች። ትኩሳት ያለሽ መሰለኝ አልኳት። ቴርሞሜትሩን አምጥታ ብብቷ ሥር ከተተችና አውጥታ አሳየችኝ። ምንም የለባትም። "ጥጉን ለሌላ ሰው ሰጥተሽው ነው" ብላ አኮረፈች።

እሷን ባስቀራትስ? ሌላው ሰው ልጅ አይደለም? የሌላው እናት እናት አይደለችም?

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ። ያልጠረጠረ ተመነጠረም ይላሉ። የትኛውን ልስማ?

ጥቅምት 24

ጽሑፌ ዶሮ የጫረው ይመስላል። ግን ልጻፈው።

ሰው ከጠዋቱ ጀምሮ በአውቶብስ በአውቶብስ ሲወርድ ነበር። ልብስ ያሳመረ፣ ልጅ ያዘለ፣ መነጽር ያደረገ። መመልከቻው ላይ ሽሚያ ነው። ከበሮው ገና ከሩቅ ሲሰማ ሁሉም ወደ አጥሩ ነጎደ። ልጄ ከሁሉም ቀድማ ሮጠች። ጥጉን ያዘች። ኩርፊያዋን ረስታ እጇን አወዛወዘችልኝ፣ ከዚያ ሁለት ክንዷን ብረቱ ላይ ዘርግታ አገጯን አስደገፈች።



"ነይ ከዚያ" አልኩ። ድምፄ አልወጣም።

ብጮህስ? እብድ ናት ይላሉ። ይበሉ፣ ግን ማን ይመለሳል? ጀልባ ሊያዩ ከየት ከየት የመጡ ናቸው። አለቃም "ታማለች፣ ተዉዋት" ነው የሚለው። መስሎኛል ብዬ አንድም ሰው አላስነሳም። አይቼ መናገር አለብኝ። ለማየት ደግሞ…

ጋሼን እጃቸውን ያዝኳቸው። "እግሬን ይያዙልኝ።"

"የትኛውን? የታመመውን?" አሉ። ለካ ሁሉን ሲያውቁ ኖረዋል።

"ሁለቱንም።"

ከነዩኒፎርሜ ጥጉ ጋ በሆዴ ተኛሁ። ሰው ሳቀ። ስልክ ወጣ። ልጄ ከላይ "እማ? ምን ሆነሻል?" አለች፤ አፍራብኛለች፣ ድምፅዋ ያስታውቃል። ጋሼ ቁርጭምጭሚቴን ጨብጠው ተከተሉኝ። ከታችኛው ብረት ሥር ጭንቅላቴን አሾለክሁ። ዓይኔ ተጨፍኗል። ክፈቺ… ክፈቺ አንቺ ፈሪ… ከፈትኩ።

መጀመሪያ ያየሁት ባርኔጣ ነው። ከሥራችን ከገደሉ ግድግዳ የበቀለ ቁጥቋጦ አለ፣ ባርኔጣ በባርኔጣ ሆኗል። የገለባ፣ የጨርቅ፣ የሕፃን፣ አንድ ሰፊ ቀይ፣ ዝናብ ያነጣው። ነፋስ ከእንግዶቼ ራስ ላይ የነጠቀው ሁሉ እዚያ ተሰቅሏል። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ቀልድ ሳወራ።

ከዚያ ቋሚውን አየሁት። ሥሩ አየር ላይ ነው። ከታች ያለው ሲሚንቶ ተቦርቡሮ ወድቋል፤ ብረቱን የያዘው ላይ ያለው ስስ ንጣፍ ብቻ ነው። ልጄ ክብደቷን ከአንድ እግሯ ወደ ሌላው ስታዛውር የብረቱ ጫፍ ይወዛወዛል። እጄ አልነበረም።

"የኔ ልጅ" አልኳት። አልጮህኩም። እንዴት እንዳልጮህኩ አላውቅም። "ክንድሽን ከብረቱ ላይ አንሺ። ቀስ ብለሽ። አሁን ወደ ኋላ ሂጂ።"

ለምን ሳትል የማትታዘዝ ልጅ ናት። ዛሬ ለምን አላለችም። ጫማዋ ከፊቴ ሲርቅ አየሁት።

ከዚያ ሌላውን። "ክቡራን እንግዶቻችን፣ ሁላችሁም እባካችሁ ወደ ኋላ፣ አጥሩን ሳትነኩ።" በዚያው በሥራ ድምፄ፣ በሆዴ እንደተኛሁ። ጥቂቱ ሄደ፣ ብዙው ቆሞ ያየኛል። አለቃ እየተቆጣ መጣ።

"ተነሺ፣ ሰው እያየሽ ነው።"

"አንተ ተኛ።"

ምን እንዳየብኝ እንጃ፤ ያን አዲስ ሱፉን እንደለበሰ አጠገቤ ተኛ። ጭንቅላቱን አወጣ። ትንፋሹን እሰማው ነበር። "አምላኬ" አለ፣ ለእኔ አይደለም። ተነሣና ሰውን በሁለት እጁ እየገፋ መመለስ ጀመረ። ሱፉ አፈር በአፈር ሆኖ።

ጀልባዎቹ በሥራችን አለፉ። ከበሮውን ሰማን፣ ዘፈኑን ሰማን፣ ማንም ምንም አላየም። "ይህን ሁሉ መንገድ የመጣነው ከበሮ ልንሰማ ነው?" እያሉ ተቆጡ። ይቆጡ። ሁሉም በእግሩ አውቶብስ ገብቶ ይቆጣ።

ልጄ በመልሱ አጠገቤ ተቀመጠች። ከተማ ልንገባ ስንል እጄን ያዘች።

"እማ፣ ትንቀጠቀጫለሽ።"

"አዎ" አልኳት። "ይሄኛው የእኔ ነው።"

ጥቅምት 27

ግንበኛው መጣ። የጥጉን ቋሚ በአንድ እጁ ሳብ ቢያደርገው እንደ ወተት ጥርስ ወጥቶ ቀረ። ከጎኑ ያለውም ሥሩ ተበልቷል።

አለቃ አጠገቤ ቆሞ ነበር። "ያ የቲኬት መስኮት…" ብሎ ጀመረ። አልጨረሰውም፣ እኔም ጨርስ አላልኩትም።

ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ስጨፍን የልጄን ሁለት ክንዶች ነው የማየው። ብረቱ ላይ።

ኅዳር 2

ዛሬም ፈራሁ።

ኅዳር 12

አዲሱ አጥር አለቀ። አለቃ፣ እንግዳ ሳይመጣ በፊት በየጠዋቱ ሥሩን እንድፈትሽ አዞኛል። "አንቺ ከፈራሽ ሰው አይለፍ" አለ። ሹመት ነው ስድብ? ለማንኛውም በየጠዋቱ በሆዴ እተኛለሁ፣ ጋሼ እግሬን ይይዛሉ። "አባጨጓሬ" የሚል ስም አውጥተውልኛል። አንድ ቀን እለቅሻለሁ እያሉ ይቀልዳሉ፣ እጃቸው ግን እንደ ጉጠት ነው።

ፍርሃቱ ይለቀኛል ብዬ ነበር። አልለቀቀኝም። ላብ እያጠመቀኝ ነው በሆዴ የምተኛው። ግን አሁን ስናገር ጎኔን ሰጥቼ ነው የምቆመው፣ አንድ ዓይኔ ለእንግዳ፣ አንድ ዓይኔ ለገደሉ። "ከኋላዬ የምታዩት" ማለት ትቻለሁ።

ልጄ ለከርሞ ጥጉን ያዥልኝ ብላለች። "መጀመሪያ እኔ ከተኛሁበት በኋላ" አልኳት። እሺ አለች፣ ሳትከራከር።

ዛሬ ነፋስ ነበር። የአንድ ሰውዬ ባርኔጣ ተነሣ። ሊይዘው በአጥሩ ላይ ሲንጠራራ ኮሌታውን ጨምድጄ ወደ ኋላ ጎተትኩት። "አዲስ ነበር እኮ" አለ ተናዶ። "ይሂድ፣ ብቻውን አይሆንም" አልኩት። አልገባውም።

ያቺን አሮጊት ባገኛቸው አሁን መልስ አለኝ። ምኑን ትወጂዋለሽ ላሉኝ… ባርኔጣዎቹን። ያ ሁሉ ሰው ያ ሁሉ ዘመን እዚያ ሲንጠለጠል፣ እኔ ሳላይ ሲንጠለጠል፣ ታች የደረሰው ባርኔጣ ብቻ ነው።

ነገ ጠዋት ደግሞ ተኝቼ አያለሁ። ባርኔጣ ብቻ ይሁን።