ከጠረጴዛው ማዶ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

...እጄን በእጁ ሸፍኖ የሽቦ መጠምጠሚያውን መዘወሪያ ሲያዞር «ወደ ራስህ፣ ሁልጊዜ ወደ ራስህ» ይለኝ ነበር አባቴ። ሽቦው እስኪያልቅ። ሌላም ነገር ብሎኝ ነበር... ጠፋኝ።

የተቃጠለ የውሃ ፓምፕ ሞተር መጣ። ሁለት ኮይል፣ ሁለት የሽቦ ጥቅል፣ ይጠመጠምለታል። አንዱን እኔ፣ አንዱን ፋኢዛ። የሙከራ ጊዜዋ ቅዳሜ እንደሚያልቅ የጋራዡ ባለቤት ጋሽ በላቸው ነገሩኝ። ወይ ትቀጠራለች፣ ወይ ትሸኛለች። ድሮ ደንበኛ ሁሉ እኔን ነበር የሚጠይቀው። አሁን «ልጅቷ አለች?» ይላሉ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

በርጩማዬን ወደ ጠረጴዛው ማዶ አዛወርኩ። ብርሃን ፈልጌ ነው አልኳት። እጇን ለማየት ነው። ከማዶ ሆኜ መዘወሪያዬን በግራ እጄ ማዞር ያስቸግራል። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ መዘወሪያዬን አየች... ረጅም ጊዜ። ምን ፈልጋ ነው?

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ሞተሩ ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም። ሲግል አጠፋነው። ጋሽ በላቸው ማን ነው ያበላሸው አሉ። እሷ ዙር ሳታጎድል አትቀርም አልኩ። አፌ ቀደመኝ? ወይስ ሳስብበት ነው የሰነበትኩት?

«ወላሂ ቆጥሬያለሁ» አለች። ቀስ ብላ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሁሉም ለጁምዓና ለምሳ ሲወጡ ብቻዬን ቀረሁ። ኮይሎቹን አውጥቼ ከባትሪ ጋር አገናኘሁ፤ የስልኬን ኮምፓስ አጠገባቸው አስቀመጥኩ። የሷ ብቻውን፣ መርፌው ዘለለ። የኔ ብቻውን፣ እኩል ዘለለ። ዙር አላጎደለችም።

ሁለቱን እንደተገጠሙበት አያያዝኳቸው። መርፌው ሰሜን ላይ ቀጥ። ኤሌክትሪክ የሌለ ያህል። አንዱ የሚገፋውን ሌላው ይመልሰዋል። ሁለቱም ጤነኛ ናቸው፤ አብረው ግን ባዶ።

የማን ነው የተገለበጠው? የሷን አየሁ... ልክ ነው። ደግሜ አየሁ። የኔ ነው። ከማዶ ተቀምጬ ወደ ራሴ ሳዞር፣ ሽቦው በተቃራኒው ተጠምጥሟል። «ቦታህን ግን አትቀይር»፤ አባቴ ያለኝ ሌላው ነገር ይህ ነበር።

የኔን ኮይል የሽቦ ጫፎች ለዋውጬ ሁለቱንም መልሼ ገጠምኩ። ሞተሩ ዞረ። ጋሽ በላቸው ተመልሰው «አንተ ባትኖር የልጅቷን ጉድ ማን ያስተካክለው ነበር?» አሉ። የሞተሩን ብሎኖች ማጥበቄን ቀጠልኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

አሰናበቷት። መሣሪያዎቼን አንድ በአንድ ጠርጋ በየቦታቸው አስቀምጣ ሄደች። ለምን ጠረገቻቸው?

እሑድ፣ ኅዳር 14

ከቸርች ስወጣ ወደ ቤት አልሄድኩም። ሚኒባስ ይዤ ደሴ ወጣሁ። ቧንቧ ውሃ ሰፈር የፋኢዛን ቤት ጠይቄ አገኘሁት። ራሷ ከፈተች።

የተገለበጠው የኔ መሆኑን ነገርኳት። ነገ ለጋሽ በላቸው እናገራለሁ አልኩ።

«ሲገለብጡት አይቻለሁ፣ ጋሽ አሞጽ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

ጫማዬን አየች። ከውስጥ እናቷ ማን ነው ብለው ተጣሩ።

«ማንም አይደለም፣ እማ» አለች።

በሩ ተዘጋ።