የነፋስ ነጋዴው ሃያ አምስት ዓመት

ደብረ ታቦር፣ መስከረም ፲፭ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.

ውድና ክቡር ሙሳ፣ ብረት በእጅዎ እንደ ሰም የሚታዘዝልዎ፣ የተሰበረውን ከቀድሞው አጽንተው የሚመልሱ፣ ቃልዎም እንደ ብየዳዎ ስንጥቅ የማይገኝበት፣ ሐሙሲት ዛሬ የምትኮራብዎ፣ ደብረ ታቦር ግን ማጣትዋን እንኳ በወጉ ያላወቀች ጥበበኛ፤ ሰላምታዬ ከነቤተሰብዎ ይድረስዎ። ወይዘሮ ሐሊማ እንዴት ናቸው? እኔ በሰባ ስምንት ዓመቴ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴም ቢሆን ከትናንት ወዲያ ያደረግሁትን ሲሰሙ ስለሚያስቅዎ በከንቱ አልታመመም።

በ፲፱፻፺፫ ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ከወደቀ የጭነት መኪና አክሰልና ኩሽኔታ ፈትተው፣ ስምንት ወንበር አንጠልጥለው፣ በእጅ የሚዘወረውን ያን ታላቅ መንኮራኩር ያቆሙበት ባዶ ሜዳ፣ ዛሬ አጥርና ዛፍ፣ ሸርተቴና ዥዋዥዌ፣ በሐዲድ ላይ የምትሄድ ትንሽ ባቡር ሳይቀር ያለው የሕፃናት መናፈሻ ሆኗል። ከእርስዎ የተረከቡት ወይዘሮ ዘነበች ሃያ አምስተኛው ዓመት ይከበር ወይስ ይቅር ብለው ባለፈው እሑድ እኛን ጎረቤቶቹን ሰበሰቡን።

«ዘመኑ የድግስ ነው እንዴ?» አለ ጡረተኛው ደረጄ። «መንገዱ አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ!»

«ልጆቹስ ዘመን እስኪመቻች ሳያድጉ ይጠብቁናል?» አሉ ዘነበች።

እኔም እንደ ልማዴ ተነሥቼ፣ በመጽሐፍ የታወቀው ኢዮቤልዩ ሃምሳኛው ዓመት እንደ ሆነ፣ ሃያ አምስት ግን የእርሱ ግማሽ እንጂ በዓል እንዳልሆነ፣ ይልቁንም ተሳፋሪውን ከተሳፈረበት መልሶ ከማውረድ በቀር ሌላ ቁም ነገር ያልሠራ ብረት በምን ምግባሩ እንደሚዘከር፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳላቋርጥ አብራራሁ።

«መሪጌታ፣ አንድ ቀን እንኳ ተቀምጠውበት ያውቃሉ?» አሉኝ ዘነበች።

«እኔ? ከነጥምጥሜ?»

«እንግዲያው ያልቀመሱትን ወጥ ጨው አነሰው አይበሉ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በክርክር የማልወድቅ እኔ በወጥ ተረታሁና፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ዝናቡ አባርቶ ሣሩ ገና እንደ ረጠበ፣ ብቻዬን ወደ መናፈሻው ሄድሁ። እርስዎ ዘዋሪ አድርገው ያቆሙት ያ ጎረምሳ ደሳለኝ ዛሬ ጠጉሩ ሸብቷል፤ አፉ ግን አልሸበተም።

«ጥምጥምዎን ጠበቅ ያድርጉ፣ መሪጌታ! ነፋሱ ለካህን አያደላም።»

«ቀስ ብለህ ዘውር፣ አንተ!»

«ቀስ ካልሁማ ከላይ ይቀሩብኛል!»

ከጎኔ ትርንጎ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ተቀመጠች። ገና ከምድር ስንለቅ ዓይኔን ጨፈንሁ። «አባ፣ ይግለጡ እንጂ! ከጨፈኑማ ምን ሊያዩ ወጡ?» ብላ ገሠጸችኝ። ገለጥሁ። ሙሳ ወንድሜ፣ እንዴት ብዬ ልንገርዎ! ጉና ደመናውን እስከ ወገቡ ታጥቆ ቆሟል፤ ዝናብ ያጠበው የከተማው ቆርቆሮ ሁሉ ያበራል፤ ከወዲያ የገብሱ ማሳ በነፋስ ይተኛል፣ ይነሣል፤ አርባ ዓመት ሙሉ ተቀምጬ በአላፊ አግዳሚው ላይ የፈረድሁባት የደጄ መደብ ደግሞ የጥፍር ያህል ሆና ታየችኝ። ሳቅሁ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ያለ አንዳች ክህነት፣ ሳቅሁ። ስንወርድ ሆዴ ከላይ ቀረ፤ ስንወጣም ቀድሞኝ ወጣ። ልጆቹም ከየወንበሩ ባንድ ድምፅ እንዲህ እያሉ ይዘምሩ ነበር፤

የነፋስ ነጋዴ የሚሸጥ ሽውታ፣
ከተሳፈሩበት ያወርዳል ለማታ።

ሳቄን አቆምሁ። ይህችን ግጥም እርስዎ ያውቋታል፤ እኔም አውቃታለሁ። የመጻሕፍቴ ሣጥን ማጠፊያ ተሰብሮ ሊጠግኑልኝ ከቤቴ የመጡበትን ቀን ያስታውሳሉን? መዶሻዎን አስቀምጠው፣ «መሪጌታ፣ ይህችን ግጥም ማን ገጠማት ይላሉ? አሚን ልጄ ነፋስ ነጋዴ እያሉት ከትምህርት ቤት እያለቀሰ መጣ» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ዓይኔን ከመጽሐፌ ሳላነሣ፣ «ሥራ የፈታ ሰው ይሆናል» አልሁዎ። እርስዎ ማጠፊያውን አጥብቀው፣ ሁለት ጊዜ ከፍተው ዘግተው ሞክረው፣ ምርቃቴን ብቻ ተቀብለው ወጡ። ክረምቱ ሳይገባም ቤትዎን ጭነው ወደ ሐሙሲት ሄዱ።

ሥራ የፈታው ሰው እኔ ነበርሁ። ግጥሟን በአንድ የክርስትና ድግስ ላይ፣ ሰው እንዲስቅልኝ ብዬ፣ ቤት መምታቷ ደስ ብሎኝ ወረወርኋት፤ ከሰው የሰማኋት አስመስዬ ግን ባለቤቷን ደበቅሁ። ብረት የሚቀጠቅጥን ሰው መናቅ ከአባቶቼ የወረስሁት ነውር ሆኖ ሳለ፣ እኔ ግን እንደ ዕውቀት ቈጥሬው ኖርሁ።

ወደ ትርንጎ ዘወር ብዬ፣ «ልጄ፣ ይህን ግጥም ማን ገጠመው?» አልኋት።

«ሙሳ ነዋ!» አለች። «ይሄን የሠራው ሰውዬ። ስንዞር እንድንለው ለእኛ ገጠመልን።»

እውነቱን ልናገር፤ በመጀመሪያ የተሰማኝ ቅናት ነበር። ግጥሜን ተቀማሁ ብዬ ልከራከር አፌን ከፈትሁ፤ ከሰባት ዓመት ልጅ ጋር፣ በሰማይና በምድር መካከል! ከዚያ በኋላ ኀፍረቱ መጣ፤ ከኀፍረቱም በኋላ፣ ለእኔ ሳይገባኝ፣ ደስታው መጣ። እኔ በሰው ላይ ላስቅ የሠራሁትን ልጆቹ በእርስዎ ስም መልካም አድርገውታልና። ግጥሙ እንዳለው ከተሳፈርሁበት ወረድሁ፤ ወርጄም ደግሞ ተሰለፍሁ። ሦስት ጊዜ ዞርሁ። በአራተኛው ደሳለኝ፣ «መሪጌታ፣ ሕፃናት እየጠበቁ ነው!» ብሎ አባረረኝ።

ትናንት ሸንጎው ዳግመኛ ሲቀመጥ እኔ ቀድሜ ተነሣሁ። «ይከበር» አልሁ። «ሃምሳውን የምንጠብቅ እኔና ደረጄ ነን እንጂ ልጆቹ አይደሉም፤ እኛም አንደርስበትም። ነገር ግን ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንምና፣ አስቀድሞ የምናዘዘው አለኝ።» ነገርኋቸው። ከንፈር ይመጥጣሉ ብዬ ስጠብቅ ደረጄ ፈገግ አለ።

«የእርስዎ መሆኑንማ ያን ጊዜውኑ አውቀን ነበር። እንዲህ ቤት የሚመታ ሌላ ማን ነበረን?»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እርስዎ የሚያውቁትን ምን ብለን እንንገርዎ?»

ያን ጊዜ በአንድ ነገር ደነገጥሁ፤ እርስዎም ያውቁ ነበርን? እያወቁ ጠይቀውኝ፣ እያወቁም የሣጥኔን ማጠፊያ አጥብቀውልኝ ሄዱን? ያ ማጠፊያ እስከ ዛሬ አልላላም።

በዓሉ እሑድ ጥቅምት ፪ ቀን እንዲሆን ተቈረጠ። ከመናፈሻው በርም የሠሪው ስም የተቀረጸበት ድንጋይ እንዲቆም ሁሉም በደስታ ተስማማ። ደረጄ ወረቀት አወጣና «ሙሳ ማን?» ብሎ ጠየቀ። ዘነበች ያኔ የተረከቡበትን የውል ወረቀት ከቦርሳቸው ፈልገው ዘረጉ፤ በእኛው ሰው እጅ «ሙሳ ነፋስ ነጋዴ» ይላል እንጂ የአባት ስም የለበትም። ደሳለኝ አያውቅም፤ ዘነበች አያውቁም። የነገሥታቱን ሐረግ እስከ አዳም በቃሌ የምቈጥር እኔ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት አጥር የተጋራሁትን ሰው «ልጅነትዎ የማን ነው?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

ይቅርታን በወረቀት አልጠይቅም፤ ወጉም አይደለም። መንገዱ ሲፈቅድ ሽማግሌዎቼን ይዤ ከደጅዎ እቆማለሁ፤ መቀበሉም መመለሱም የእርስዎ ነው። ጠራቢው ግን ሥራውን የሚጀምረው ቅዳሜ መስከረም ፳፬ ቀን ነው። ስለዚህ ዛሬ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአባትዎንና የአያትዎን ስም በእጅዎ ጽፈው፣ ይህን ደብዳቤ በሚያደርስልዎ ሾፌር እጅ፣ ከዚያ ቀን በፊት ይላኩልኝ።

መሪጌታ ባዩ አስናቀ