ካህኑ ከክፍሉ መቼ ይውጣ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ጠዋት አድሊስቪል፣ የማስታምማቸው ሽማግሌ የኸር (የአቶ) ካትስ ቤት። መድኃኒት ሰጠሁ፣ እግር የሚያጠብቀውን ካልሲ አለበስኩ። ሻዩ ቀዘቀዘ ብለው እንደወትሮው አጉረመረሙ። ከዚያ እንደ ቀላል ነገር... «ኸር አየነው፣ እህቴ ሚሪያም ልትሞት ነው። እሁድ እሷ ወዳለችበት ወደ ቨርሷ ይወስዱኛል?» እሺ አልኩ። «ግን ነፍሷ ሳይወጣ ያስወጡኛል። እርስዎ ብዙ ሰው አስታመዋል፤ ምልክቱን ያውቁታል።»

የሚወጡት ለምንድነው? ሞት ፈርተው ይሆን?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ፍርሃት አይደለም፤ ዛሬ ነገሩኝ። አይሁዳዊ ናቸው፤ የካህን ዘር፣ ከሙሴ ወንድም ከአሮን ጀምሮ። ካህን ሬሳ ካለበት ጣራ ሥር አይገባም፤ ይረክሳል። ለእናት፣ ለአባት፣ ለሚስት፣ ለልጅ፣ ለወንድም ይፈቀዳል። ለእህትም... ካላገባች።

«የሚሪያም ባል ከሞተ ቆየ አይደል?» አልኳቸው።

«አግብታ ነበር።» በቃ፣ ይኸው ነው መልሱ።

ለባለቤቴ ለትርፍነሽ ነገርኳት። ሳህን እያጠበች፣ «ሚስትህ ስላገባች ለወንድሟ እህት አይደለችም በለኛ» አለችኝ። የአይሁድ መቅደስ ከፈረሰ ስንት ዘመኑ... መሠዊያ ሳይኖር ንጽሕናው ለምን? እኛም ጸሎት ቤት ሁላችንም ካህናት ነን እንላለን። እኔ በዚህ እጄ ስንቱን ገነዝኩ። ታዲያ እኔ ምንድነኝ?

እሁድ፣ ጥቅምት 23

በባቡር ሄድን። ቨርሷ ያለው የአረጋውያን ቤት በር ላይ ቆሙ። መጀመሪያ እኔ ገብቼ ሬሳ እንዳለ መጠየቅ አለብኝ። በዚያች ፈረንሳይኛዬ «ዛሬ የሞተ ሰው አለ?» ስላት እንግዳ ተቀባይዋ ፖሊስ ልትጠራ ምንም አልቀራት። የለም አለች። ገቡ።

ሚሪያም ከስተዋል፤ ዓይናቸው ግን ይስቃል። ወንድማቸው ውሃ ሊጠጡ ሲወጡ እጄን ያዙኝ። «እንዳይረሱ፣ ቀድመው ያስወጡልኝ። በእኔ ምክንያት እንዳይረክስ።» የሚሞቱት እሳቸው፣ የሚጨነቁት ለወንድማቸው። ተናደድኩ። በማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ለመቆየት እዚህ አቅራቢያ፣ ግራንድ ሳኮኔ፣ ሆቴል ይዘናል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ከሰዓት በኋላ የሚሪያም እግር ቀዘቀዘ። ትንፋሻቸው ይቆማል፣ ደግሞ ይመጣል። አውቀዋለሁ ይህን። ኸር ካትስ የእህታቸውን እጅ ይዘው፣ በልጅነታቸው በበረዶ ይንሸራተቱበት ስለነበረ ዳገት ያወራሉ። ሚሪያም ፈገግ ያሉ መሰለኝ።

ቀና ብለው አዩኝ። «አሁን?»

«ገና ነው።»

ለምን እንዲህ አልኩ? ወሬው እስኪያልቅ ብዬ ነው። ደግመው ጠየቁኝ። አሁንም «ገና» አልኩ። ከዚያ ትንፋሹ ሲርቅብኝ ደነገጥኩ። «አሁን ይውጡ።» የእህታቸውን ግንባር ሳሙ። ሊፍት አልጠበቁም፤ በከዘራቸው እየተደገፉ በደረጃ ወረዱ። በመስኮት አየኋቸው፣ ከመንገዱ ማዶ ዝናብ ላይ ቆመዋል። ዞር ስል ሚሪያም አርፈዋል።

መቼ ሄዱ? እኔ መስኮቱ ጋ ሆኜ? ወይስ ወንድማቸው ገና ደረጃው ላይ ሳሉ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

ቀብር። ኸር ካትስ ከመቃብሩ አጥር ውጭ ቀሩ። በእሳቸው ፈንታ እኔ ገብቼ አፈር አለበስኩ። ስመለስ ክንዳቸውን ልይዝ ብዬ እጄን ሰበሰብኩ... ከመቃብር የመጣ እጅ ነው። ራሳቸው ክንዳቸውን ሰጡኝ። «እርስዎ ካልደገፉኝ በምን ልሂድ?»

ስለ ማክሰኞው አልጠየቁኝም። አረከስኳቸው? እንቅልፍ ከለከለኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

አድሊስቪል። መድኃኒት፣ ካልሲ። ሻዩ በርዷል፤ ዝም ብለው ጠጡት። አልቻልኩም። ተንበርክኬ ካልሲውን እየሳብኩ፣ «ያን ቀን ሁለት ጊዜ ገና ነው ብዬዎታለሁ፤ ውሸት ነበር» አልኳቸው።

«ያኔም አላመንኩዎትም» አሉኝ።

እጄ ቆመ። «ታዲያ ለምን አልተነሡም?»

ሌላውን እግራቸውን ሰጡኝ።

«ወሬያችን አላለቀማ።»

ሌላውን ካልሲ አለበስኩ። ይህን ለትርፍነሽ አልነግራትም።