ከአህያዬ ጋር ላዛመደኝ ባንክ

ለተከበሩ ወይዘሮ ኮርዴሊያ ፊንችሊ
የፔምበርዊክ ባንክ የደንበኞች እርካታ ክፍል የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለ ካሳው ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ መላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ስልክ ይዤ ስጠብቅ ያንኑ ዋሽንት ሳይሰለች ሲነፋልኝ የኖረው የባንክዎ ሙዚቀኛ እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። እኔ፣ ባለቤቴ ቤሪልና አህዮቻችን ከባሕሩ ከሚነፍሰው ንፋስና ከባንክዎ ከሚመጣው ፖስታ በስተቀር የሚያስቸግረን ነገር ሳይኖር በደህና እንገኛለን።

ስሜ ክሌመንት ድሪንግ ይባላል። በማብልቶርፕ ባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ የሰው ልጆችን አህያ ላይ አስቀምጬ ከአይስክሬሙ መኪና እስከ ቀዩ ባንዲራ ወስጄ እመልሳለሁ። አባቴም ይህንኑ ሠርቶ ነው ያሳደገኝ። አሠሪ የለኝም፤ ተቀጣሪ የለኝም፤ ዝናብ ከጣለ ገቢም የለኝም። ይህን ከመግቢያው ላይ መግለጼ፣ ባንክዎ ለመረዳት ዓመታት የፈጀበትን ጉዳይ ይህ ደብዳቤ የሚወጣበት ጋዜጣ አንባቢ በአንድ ትንፋሽ እንዲረዳው በማሰብ ነው።

አንደኛ፤ ኢንሹራንሱ ስለተሸጠልኝ ሁኔታ።

ፔትሮኔላ የምትባል አህያና አንድ የእንስሳት መጫኛ ተጎታች ለመግዛት ብድር ፈልጌ ማብልቶርፕ ወደሚገኘው ቅርንጫፋችሁ በገባሁ ጊዜ፣ ጃስፐር ቶልሰን የሚባል፣ ክራቫቱ ከዕድሜው የገዘፈ፣ መልካም አስተዳደግ ያለው ወጣት ተቀበለኝ። ብድሩ እንደሚፈቀድልኝ አበሰረኝና ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ፣ የብድር ኢንሹራንስም አብሬ እንድገባ ጋበዘኝ። ከሥራ ብባረር ወይም ታምሜ ብተኛ የወር ክፍያዬን ኢንሹራንሱ ይሸፍንልኛል።

"ማን ነው የሚያባርረኝ?" አልኩት። "ብቻዬን እኮ ነው የምሠራው።"

"ሁኔታዎች ይለዋወጣሉ፣ ሚስተር ድሪንግ።"

"አልፈልግም ብልስ?"

"ኧረ ምንም ግዴታ የለበትም" አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ብቻ ያለሱ ብድሩ ትንሽ ሊጓተት ይችላል። አህያዋ ትጠብቅዎታለች?"

ሻጯ በዚያው ሳምንት ቁርጡን ንገረኝ ብላኝ ስለነበር ፈረምኩ። ከዚያ የጃስፐር ኮምፒውተር የአሠሪዬ ስም ካልተጻፈለት ወደሚቀጥለው ገጽ አላልፍም አለ። ጃስፐር "ለማን ነው የሚሠሩት?" ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ሰው ነኝና አንዳንዴ ቀልድ ያመልጠኛል፤ "ከእንግዲህማ ለፔትሮኔላ ነው፤ እሷ ካልፈለገች ማናችንም ከቦታችን ንቅንቅ አንልም" አልኩት።

ጃስፐር አልሳቀም። "ፔትሮኔላ ሲጻፍ 'ኤል' ሁለት ነው ወይስ አንድ?" አለኝ።

ቀልዴን እንዲህ በቁም ነገር ተቀብሎ በመዝገብ ያሰፈረልኝ ሰው በሕይወቴ ገጥሞኝ ስለማያውቅ፣ ለዚህ ባንክዎን ከልብ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ቁርጭምጭሚቴና ስለ አዲሷ ዘመዴ።

ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ፣ ልክ ገበያው ሊደራ ሲል፣ ፔትሮኔላን ከተጎታቹ ሳወርድ አዳልጦኝ ወደቅኩና ቁርጭምጭሚቴ ተሰበረ። ጀሶ ታስሮልኝ ቤት ተቀመጥኩ። ቤሪል ሻይ አቀረበችልኝና "አይዞህ፣ ክሌም፣ ያ ኢንሹራንስ ለዛሬ ካልሆነ ለመቼ ነው?" አለችኝ። ስልክ ደወልኩ። ዋሽንቱን አዳመጥኩ። በመጨረሻ አንዲት ትሕትናዋ የማያልቅ ሴት አነሳችልኝ።

"አሠሪዎ በሥራ ላይ አለመሆንዎን የሚገልጽ ደብዳቤ ይጻፉልዎ" አለችኝ።

"አሠሪ የለኝም።"

"አለዎት እንጂ። ሚስ ፔትሮኔላ ይላል እዚህ።"

"እሷ አህያ ናት።"

"ሚስተር ድሪንግ፣ ብዙ ደንበኞቻችን ስለ አሠሪዎቻቸው እንደዚያ ይሰማቸዋል" አለችኝ በርኅራኄ። "ቢሆንም ደብዳቤው ያስፈልገናል።"

"አልገባሽም፣ እመቤቴ። አራት እግር ያላት፣ ሣር የምትበላ አህያ ናት።"

"እሳቸው ካልተመቻቸው እኮ ወኪላቸው ሊጽፉልን ይችላሉ።"

ለአህያዬ አንቱታ ሲሰጥ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ቤሪል ከጎኔ ሆና ሁሉን ስትሰማ ቆይታ ወረቀት አነሳች። "ክሌመንት ድሪንግ እግሩ ስለተሰበረ ከሥራ ገበታው መቅረቱን አረጋግጣለሁ" ብላ አሳምራ ጻፈች፤ ከዚያ ጋጣ ወርደን የፔትሮኔላን የፊት ሰኮና ጥቁር የጫማ ቀለም ቀባንና ከግርጌው አስረገጥናት። ነገሩን ያየ ሰው ይስቃል፣ ስቆም ይገባዋል፣ ገብቶትም ያስተካክለዋል ብለን ነበር። እንዲህ ያለ ተስፋ በባንክዎ ላይ መጣላችን የእኛ ጥፋት መሆኑን አልክድም።

መልስ መጣ። ባንክዎ ሚስ ፔትሮኔላ ላደረጉት ፈጣን ትብብር ምስጋናውን ካቀረበ በኋላ፣ ሠራተኛውና አሠሪዋ በአንድ አድራሻ የሚኖሩ ሆነው በመገኘታቸው፣ በውሉ መሠረት እንደ ቅርብ ቤተሰብ እንደሚቆጠሩና ክፍያው እንደማይፈጸም አስታወቀን። ከዚያ ዝቅ ብሎ ደግሞ፣ ለነገሩ በግሉ የሚሠራ ሰው በዚህ ኢንሹራንስ ከመጀመሪያውም እንደማይሸፈን በደቃቅ ፊደል ጨመረበት።

"እና እኔ ምኗ ነኝ?" አለች ቤሪል ደብዳቤውን አጣጥፋ። "አማቷ ነኝ ወይስ የእንጀራ እናቷ?"

ሳቅን፤ ግን ሳቁ የብድሩን ክፍያ አልከፈለም። ወይዘሮ ፊንችሊ ሆይ፣ ቀጥሎ ያለውን በቀልድ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። ያንን ዓመት ቤሪል ከመንገዱ ማዶ ባለው ሰፈር፣ ካራቫን የሚባሉትን የእንግዳ ማረፊያ ተጎታች ቤቶች ማጽዳት ጀመረች። ጉልበቷ ያኔም ደህና አልነበረም። ተንበርክካ ወለል ስትፈትግ ውላ ስትመጣ ደረጃውን በቂጧ ወደ ኋላ ነበር የምትወጣው፤ እኔ ደግሞ እግሬ በጀሶ ታስሮ ከላይ ሆኜ አያታለሁ። አንድ ቀን መሀል ደረጃ ላይ አረፍ ብላ፣ "ፔትሮኔላን እንሽጣት መሰለኝ" አለች። አልሸጥናትም፤ ቤሪል ግን ካራቫን ማጽዳቱን በዚያው ቀጠለች፤ ባንክዎም የማይሸፍነኝን ኢንሹራንስ ሂሳብ በየወሩ አንድም ቀን ሳይረሳ ሲቆርጥ ኖረ። እንዲህ ያለ የማስታወስ ችሎታ ላለው ተቋም ያለኝን አድናቆት እየገለጽኩ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ።

ሦስተኛ፤

ሦስተኛውን ቤሪል አንብባ ጋዜጣ ላይ የማይወጡ ቃላት አሉበት ብላ አስወጥታዋለች።

አራተኛ፤ ስለ አቤቱታችን።

ዓመታት አለፉና፣ ያለ አግባብ ለተሸጠ የብድር ኢንሹራንስ ካሳ እናስከፍልላችሁ የሚሉ ሰዎች ስልካችንን ያጨናንቁት ጀመር። ከእራት ላይ ያስነሱናል። እኔ እንደ ማንኛውም ጨዋ እንግሊዛዊ ሰድቤ እዘጋባቸው ነበር። አንድ እሑድ ግን ቤሪል አንስታ ጉዳዩን እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ሰውዬው ከሚገኘው ካሳ ጠቀም ያለ ድርሻ እንደሚፈልግ ሲነግራት፣ "ፊደል ራሴው ቆጥሬያለሁ፣ የኔ ልጅ" ብላ ዘጋችበትና እዚያው የእራቱ ጠረጴዛ ላይ ለእናንተ መጻፍ ጀመረች።

ባንክዎ በመጀመሪያ እንዲህ ያለ ኢንሹራንስ ገዝቼ እንደማላውቅ አስረዳኝ። የቆረጣችሁብኝን ማስረጃ ስንልክ፣ ገዝቼ እንደነበርና ሁሉም ነገር በሚገባ እንደተብራራልኝ አስረዳኝ። ሁለቱንም ያስረዳኝ ያንኑ ያህል እርግጠኛ ሆኖ ነው። ስለዚህ ቤሪል ጉዳዩን ወደ ቅሬታ ሰሚው መሥሪያ ቤት ወሰደችው፤ ከዚያም ኦሊቭ ፕራት የምትባል መርማሪ ደወለችልኝ።

"ያኔ ባንኩ ተቀጥረው ነው የሚሠሩት ወይስ በግልዎ ብሎ ጠይቆዎት ነበር?"

"ለማን ነው የምትሠራው ብሎኛል።"

"ምን አሉት?"

"ለአህያዬ አልኩት።"

"እሱስ?"

"እንዴት እንደምትጻፍ ጠየቀኝ።"

ከስልኩ ማዶ ረጅም ሳል ተሰማ። ወይዘሪት ፕራት ውኃ ጠጥታ ተመለሰችና በጣም በተስተካከለ ድምፅ "ይበቃኛል፣ ሚስተር ድሪንግ" አለችኝ። ብዙም ሳይቆይ ውሳኔው መጣ፦ የከፈልኩት ሁሉ ከነወለዱ ይመለስ፤ ለደረሰብን እንግልትም ካሳ ይጨመርበት።

አምስተኛና የመጨረሻ፤ ስለ ቼኩ።

ባንክዎ ውሳኔውን አክብሮ ቼኩን ላከ። ላከ ስል በሚስ ፔትሮኔላ ስም ጽፎ ነው።

የማብልቶርፑ ቅርንጫፍ ተዘግቶ የጥፍር ማሳመሪያ ቤት ስለሆነ፣ ያን ዕለት ፔትሮኔላን ለሐኪም ለማሳየት ወደ ላውዝ ከተማ ስወስዳት ከዚያው ካለው ቅርንጫፋችሁ ደጃፍ ተጎታቹን አቆምኩና ገባሁ። በመስኮቱ ያለችው ገንዘብ ከፋይ ቼኩን አየችው።

"የቼኩ ባለቤት ራሳቸው ናቸው መምጣት ያለባቸው። ፎቶ ያለበት መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ይዘው።"

"ፓስፖርቷን ይዣለሁ" አልኳት። በአገራችን አህያ ያለ ፓስፖርት እንደማትንቀሳቀስ የታወቀ ነው፤ ሐኪሙ ጋ ስሄድም ኪሴ ውስጥ ነበር።

ልጅቷ ገለጠችው። "ቀለም፣ ግራጫ" ብላ አነበበች። "ጀርባዋ ላይ ጥቁር መስመር፣ ግራ ጆሮዋ..." እዚህ ላይ አቆመችና ፓስፖርቱን ቀስ ብላ አስቀምጣ የቅርንጫፉን ሥራ አስኪያጅ ጠራች።

ሥራ አስኪያጁ ደልደል ያለ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። "አብራዎት መጥታለች?" አለኝ።

"ደጅ ናት።"

ተከትሎኝ ወጣ። ሰልፉ ላይ የነበሩት ሰዎችም ተራቸውን ትተው ተከተሉን። የተጎታቹን በር ከፈትኩለት። ሥራ አስኪያጁ ፔትሮኔላን ከጆሮዋ እስከ ጭራዋ ሲያያት፣ እሷም ከክራቫቱ እስከ ጫማው አየችው። አንዲት አሮጊት "ኧረ ወለዱንም ስጧት" አለች ከኋላችን። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ራሱን ዝቅ አድርጎ "በጣም ይቅርታ እንጠይቃለን" አለ። በዚያ ሁሉ ዓመት ከባንክዎ የሰማሁት የመጀመሪያ ይቅርታ ነው። የተባለው ለእሷ መሆኑ ቅር ሊያሰኘኝ አይገባም፤ በመዝገባችሁ መሠረት የበላዬ እሷ ናት።

ዋናው መሥሪያ ቤት ተደውሎ ቼኩ በእኔ ስም ተለወጠ። ገንዘቡ ሂሳባችን ውስጥ በገባ ዕለት ቤሪል የካራቫኖቹን ቁልፍ ለባለቤቱ መልሳ፣ በአሸዋው ላይ ቀስ እያለች ወደ እኔ መጣች።

"ምን ላግዝህ?" አለችኝ።

"ምንም።"

"ምንም?"

"ተቀመጪ።"

ታጣፊውን ወንበር ዘረጋችና ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን አሸዋ ውስጥ ቀብራ ተቀመጠች። ውላ ጀንበር ስትጠልቅ ነው የተነሳችው።

እነሆ ክብርት ሆይ፣ መብታችንን በለጋስነት እንደ ስጦታ አድርጋችሁ ስላበረከታችሁልን፣ የዘገያችሁበትንም ጊዜ በትዕግሥታችን ላይ እንደተደረገ ጠቃሚ ሥልጠና ስለምንቆጥረው፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር ከወገባችን ዝቅ ብለን እጅ እንነሳለን። ባለቤቴ ጉልበቷ ስለማይፈቅድላት ዝቅ የምትለው በሐሳብ ብቻ መሆኑን በትሕትና አሳውቃለሁ።

የባንክዎ የማይገባው ዕድለኛ፣
ክሌመንት ድሪንግ
ማብልቶርፕ

ግልባጭ፦
ለጃስፐር ቶልሰን፣ ባሉበት (አሁን የት እንዳሉ ለሚያውቅ)
ለዋሽንት ነፊው

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ "ባንካችንን ለወዳጅዎ ይመክሩ ይሆን?" የሚል የእርካታ መጠይቅ ልካችሁልኛል። ከወዳጆቼ ጋር ምንም ቅያሜ የለኝም። ነገር ግን ከባሕሩ ዳርቻ በወዲያኛው ጫፍ ሆሬስ ፒንደር የሚባል፣ በርካሽ ዋጋ እየሠራ ደንበኞቼን የሚነጥቅ ባለአህያ አለ። ባለፈው ብድር ፈልጎ ሲያማክረኝ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለእናንተ ደግነት አጫወትኩት፤ ሰኞ ጠዋት ይመጣላችኋል።