በወንበርሽ ሥር ያለው የነዳጅ ታንክ

ለባለቤቴ ለአልማዝ፣ ለኔ ትራፊክ፤

እዚያ ሰማይ ቤትም መላእክቱን ቀስ በሉ፣ ፍሬን ያዙ እያልሽ እንደምታስቸግሪ አልጠራጠርም። እኛ ደህና ነን ብዬ ልዋሽሽ ነበር። ግን ውሸቴን ከአፌ ሳይወጣ ታውቂው ስለነበር ተውኩት። ከተለያየን ዓመት ሊሞላን ነው። ለሙት ዓመትሽ አገርሽ ካምባ፣ ከመቃብርሽ ዘንድ፣ ላንድሮቨራችንን ራሴ ነድቼ እመጣለሁ ብዬሽ ነበር። አልማዝዬ፣ የምመጣ አይመስለኝም።

ሳሎኑን የልጅ ልጆቻችን ሰማያዊ ቀብተውታል፤ ሆስፒታል የተኛሁ ይመስለኛል። ዶሮዎችሽ ዛሬም ይንቁኛል። የላንድሮቨራችን የድሮ ሞተር ግን አንቺን ከቀበርን ብዙም ሳይቆይ አንዴ ጮኾ ደርቆ ቀረ። ልጃችን ታምራት ታች ሲቀላ ሰፈር ወዳለው ጋራዡ ወስዶ የዘመኑን ሞተር ገጠመለት። ካርቡሬተር የሚባል የለውም፤ ቤንዚኑን የሚያዘው ኮምፒዩተር ነው። ድምፅም የለው። አልተነሳም ብዬ ቁልፉን ደግሜ ሳዞርበት ታምራት ራሱን ይዞ ጮኸብኝ። የድሮው ገና ዳገቱን ሲጀምር አንቺ ላይ ሴቻ ቤታችን ሆነሽ ትሰሚው ነበር፤ ይኸኛው እንደ ሌባ ነው ግቢ የሚገባው። አምሽቼ ብመጣ በምን ታውቂብኝ ነበር?

ሜዳ ላይ ይበራል። ዳገት ሲያይ ግን ድርግም ይላል። የድሮው ካርቡሬተር ውስጡ ትንሽ ቤንዚን ያቁር ስለነበር በሷ ይሻገር ነበር። አሁን መኪናው ሽቅብ ሲቀና ቤንዚኑ ወደ ታንኩ ኋላ ይሸሻል፤ ፓምፑ አየር ይስባል፤ አበቃ። መፍትሔው ውስጡ በግድግዳ የተከፋፈለ ከፍ ያለ ታንክ መሥራት ነው አለኝ ታምራት።

ታንኩ የት እንዳለ መቼም አትረሺውም። በወንበርሽ ሥር ነው። የቤንዚን መለኪያው ከተበላሸ ወዲህ ሊያልቅ ነው የምትይኝ አንቺ ነበርሽ፤ ከሥርሽ ሲንቦጫቦጭ በድምፁ ለይተሽ። አዲሱ ታንክ ከገባ ወንበሩ ቦታ አይኖረውም። አይሆንም አልኩ። ስፖንጁ ያንቺን ቅርፅ ይዞ ጎድጉዷል። ሽቶሽ ሽቶሽ ይላል ብዬ አላሳምርልሽም፤ የሚሸተው ለወንድሞችሽ ስትጭኚ የኖርሽው የጫሞ ሐይቅ ዓሣ ነው። እሱንም ቢሆን ጎንበስ እያልኩ አሸተዋለሁ። በስተርጅና ወንበር የሚያሸት ባል አለሽ፤ ሳቂበት።

በሰው መኪና ሂድ ይሉኛል። በሰው መኪናማ ሬሳም ይሄዳል። ዓይኔ እየደከመ ነው፤ ከዚህ በኋላ መሪ የሚሰጠኝ የለም። ያለኝ ይህች አንድ መንገድ ናት። ወንበርሽን ባስቀር ካንቺ አልደርስ፤ ልድረስ ብል ወንበርሽን አጣ። ምን ዓይነት ፍርድ ነው ይሄ?

ትናንት ታምራት እኔ ልንዳው፣ አንድ ጊዜ እንሞክረው ብሎ ወደ ካምባ የሚወጣውን ዳገት ያዝን። እኔ ባንቺ ወንበር ተቀመጥኩ። ያን ሁሉ ዘመን አንድ ቀን ተቀምጬበት አላውቅም። ለካ ስንወጣ ገደሉ በአንቺ በኩል ነው! ከመሪው ሆኜ የማየው መንገዱንና ተራራውን ነበር፤ አንቺ የምታዪው ባዶውን ነው። ከተማ ውስጥ ቀስ በል ብላ የማትጠግብ ሴት እዚያ ስንደርስ እጀታውን ጨብጣ ዝም ትላለች። እኔ ደግሞ ጨነቃት ብዬ አንድ እጄን ከመሪው አንስቼ እቀልዳለሁ። ዝም ያልሽው ለካ እንዳልደነግጥ ነው። ይህን እያሰብኩ ሞተሩ እዚያው ጠርዝ ላይ ጠፋ። ታምራት ፍሬን እስኪይዝ መኪናው ትንሽ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ እናቴን ጠራሁ።

ዛሬ ጠዋት ወንበሩን አውጣው አልኩት። የፈታሁት ግን ራሴ ነኝ። ብሎኑ ዝጎ እጄን ላጠው፤ ታምራት ላግዝህ ቢለኝ አባረርኩት። አሁን መኪናውን ሳየው ጥርሱ የወለቀ አፍ ይመስለኛል። አዲሱ ታንክ ይሥራ አይሥራ ገና አልታወቀም። ቀኑ ቀርቧል፤ እኔም ተስፋዬ ሳስቷል።

ብደርስም ባልደርስም አንድ ነገር ቃሌ ነው። ያንን መንገድ ከእንግዲህ በአንቺ በኩል ሆኜ ነው የማስበው። ስቄ ያሳለፍኩትን ገደል አንቺ ብቻሽን ስታዪው እንደኖርሽ፣ ድምፅ ሳታሰሚም እንዳሻገርሽኝ፣ ትንፋሼ እስኪቆም አልረሳም።

የአንቺው ሾፌር